ከአረንጓዴው በስተግራ

ባለፈው ሳምንት ከጌዶ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሳችን ጊንጪ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ የተጠበሰ በቆሎ ላይ ሲረባረብ፣ ከፊቴ ወንበር የነበረ አንድ ወጣት ከመቀመጫው ሳይነሳ ጊታሩን ከከረጢት አወጣና አናቱ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ በመቆንጠጫዋ አያያዘ። አንዱን ክር መታ፤ ቀይ በራ። ቁልፉን ጠምዘዝ አድርጎ ደግሞ መታ፤ አረንጓዴ በራ። ልጁ ረክቶ ወደሚቀጥለው ክር አለፈ። እኔ ተነስቼ ወረድኩ። ሰው ከእባብ ይሸሻል፣ ከፖሊስ ይሸሻል፣ ከአማቱም ይሸሻል፤ ከአንዲት አረንጓዴ መብራት የሚሸሽ ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም። ልጁ ቃኝቶ እስኪጨርስ ድረስ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ያላማረኝን በቆሎ ጋጥኩ።

ትዝታ የሚጽፉ ሰዎችን አላምናቸውም። በእነሱ ወሬ ዱሮ ጎረቤቱ ሁሉ ይዋደድ፣ ቅቤው ሁሉ ያወዛ ነበር፣ ሙዚቀኛውም ሁሉ ጆሮ ነበረው። በተለይ ይህ የጆሮ ነገር ያስቀኛል። እነዚህ የኤሌክትሪክ መቃኛዎች ከመጡ ወዲህ ጆሮ ሞተ እያሉ የሚያለቅሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ በጆሮ ብቻ የተቃኘ ጊታር ያጀባቸው ብዙ ሠርጎች ላይ ተገኝቻለሁ፤ ሙሽሮቹ ሳይፋቱ መቆየታቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በዚያ ዘመን ጆሮ ካለው ይልቅ ጆሮ አለኝ የሚለው ይበዛ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ለዱሮ ማልቀስ አድርጎ የሚወስድብኝ አንባቢ ካለ፣ ከወዲሁ ይቅርታ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

አምቦ የገባሁት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ላስተምር ነው። ዓመቱን መጥራት አያስፈልግም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማኪያቶ ስምንት ብር የነበረበት፣ ወጣቱ እግሩ ላይ የተሰፋ የሚመስል ጠባብ ጂንስ በነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ የሚንጎማለልበት፣ ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት በአስር ብር ሜሞሪ ካርድ ሙሉ ዘፈን የሚጭንበት ጊዜ ነው። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ሁለት ስፒከር ነበረው። አንዱ ወደ መንገዱ የኦሮምኛ ዘፈን፣ ሌላው ወደ ጓሮው መዝሙር ይለቃል፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱን በአንድ ላይ እየሰማ ነፍሱን ወደ ፈለገበት ያዘነብላል። ዛሬ እዚያ ቦታ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል፤ ማኪያቶው ስንት እንደገባ ደግሞ ለጤናዬ ስል አልናገርም። ከሁሉቃ ድልድይ ወጣ ብሎ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአዴ ጫልቱን ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ። ጥዋት ጥዋት የማዕድን ውሃ ጠርሙስ የጫኑ ከባድ መኪኖች ሲያልፉ መስኮቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ከተማ ሰው ውሃ ሲጠጣ እንኳ ውሃው ያፏጫል።

አዴ ጫልቱ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ባላቸው ቀድመው አርፈዋል። ሴት ልጃቸው ለሊሴ ያኔ ነቀምት ኮሌጅ ነበረች፤ ታላቅ ወንድሟ ገመቺስ ጊንጪ ሒሳብ ያስተምራል። ዓርብ ከሰዓት አምቦ ይገባና ሰኞ በጥዋት ተመልሶ ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይመታል። ቤዙ እናቱ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ጎን ግድግዳ ተደግፎ ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቀዋል። ልጁ አንድ የማይለቅ ዐመል ነበረው። ከጊንጪ ሲገባ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ እናቱን ሳይስም፣ መጀመሪያ ቤዙን አንስቶ ይቃኛል።

«እናትህ እኔ ነኝ ወይስ እንጨቱ?» ይሉታል አዴ ጫልቱ ከኩሽና።

«ሃርሜ፣ አንቺ ሳምንቱን ሙሉ አትረግቢም። እሱ ይረግባል።»

እኔ በትውልድ ኦርቶዶክስ፣ በጠባይ ሰነፍ ምዕመን ነኝ። ገመቺስ ግን ጊታር እንደምነካካ ሲያውቅ ለቅዳሜ ልምምድ እየጎተተ ይወስደኝ ጀመር። አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ኪቦርድ አለው። ኪቦርዱ ከውጭ አገር ሰዎች በስጦታ የመጣ፣ ማያው የተሰነጠቀ፣ ጽሑፉ የማይነበብ ነው። የመዘምራኑ መሣሪያ ሁሉ የሚቃኘው በእሱ ድምፅ ነበር። ኤሌክትሪክ አይዋሽም የሚል እምነት ነበራቸው፤ ሰው ይዋሻል፣ ክር ይዋሻል፣ ሶኬት ላይ የተሰካ ዕቃ ግን እውነት ይናገራል። አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የገዛሁትን አዲስ መቃኛ ይዤ ሄድኩና የገመቺስ ቤዝ አናት ላይ ቆነጠጥኳት። ክሩን መታ። ቀይ በራ፤ መርፌዋ ከመሃሉ በስተግራ ሁለተኛው ጭረት ላይ ቆመች።

«ዝቅ ብሏል» አልኩት።

«ከማን?»

«ከልኩ ነዋ።»

«ልኩ የት ነው ያለው ጋሼ? አምቦ ነው አዲስ አበባ?»

መዘምራኑ ሳቁ። አራቱም ክሮች ሁለተኛው ጭረት ላይ ቆሙ። የመዘምራኑ ጊታርም እዚያው ቆመ። በመጨረሻ መቃኛዋን የኪቦርዱ ድምፅ ማጉያ ላይ ሳስጠጋት ነገሩ ተገለጠ፤ ኪቦርዱ ራሱ ዝቅ ብሏል። አንድ ሰው አንድ ቀን ሲያጸዳው አንድ ነገር ነክቶበታል፤ ማያው ስለማይነበብ ማንም አላወቀም። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ለዓመታት እግዚአብሔርን ከልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያመሰግን ኖሯል። እኔ እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው የሌላውን ስህተት በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ ሁሉንም ወደ ልኩ እናውጣው አልኩ።

ገመቺስ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህ የሚዘምሩ እናቶች አቀበታቸውን ያውቁታል። አንተ አቀበቱን ልታስረዝምባቸው ነው። ማሎ፣ እባክህ፣ እዚያች ከፍተኛዋ ቦታ ላይ የስንቱ ድምፅ እንደሚሰበር ታውቃለህ?»

አዴ ጫልቱ ከእናቶቹ መሃል ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው መጡና ያቺን ትንሽ ማያ ጎንበስ ብለው አዩዋት። ዕድሜ ልካቸውን ሙቀትና የደም ግፊት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በመርፌ አይቀልዱም።

«የት ላይ ነው የቆመችው?»

«ከአረንጓዴው በስተግራ፣ ሁለተኛው ጭረት ላይ።»

«እንግዲህ የእኛ ቤት እዚያ ነው፣ ባርሲሳ» አሉኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ እሳቸው ሲሉት ግን ሁልጊዜ ትንሽ ሹፈት ነበረበት። «ሁላችንም ተስማምተን እየኖርን ነው። ዕቃህን ከእኛ ጋር አስማማት።»

ነገሩ በዚሁ ጸና። ገመቺስ ከዚያ ወዲያ እኔን ለማብሸቅ ሲል ቃኝቶ ሲጨርስ ይጠራኛል፤ መቃኛዋን አደርጋለሁ፣ መርፌዋ ሁለተኛው ጭረት ላይ ትቆማለች፣ እሱም «ጆሮ እንጂ ዓይን አያስፈልግም» ይላል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ይህን ሳልወድ ነው የምጽፈው፤ ከላይ ስለ ጆሮ ካልኩት ጋር አይሄድም።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ስለ ፖለቲካው ከእኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች ጽፈዋል፣ ከእኔ የባሱም ጽፈዋል። እኔ የማስታውሰው ሱቆች በቀን መዘጋታቸውን፣ ስልክ መጥፋቱን፣ የመንገዱን ባዶነት ነው። ያ ሁሉ ጠርሙስ የጫነ መኪና ጠፍቶ መስኮቴ ዝም አለ። አንድ ዓርብ ጊንጪ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ቀድሞ አሰናበተ። መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ አልነበረም። ገመቺስ ለአንድ ባልደረባው መኪና እስካገኝ በእግሬ ልሂድ ብሎት ወጣ። አምቦ አልገባም። አይተነዋል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ግን አንዱ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር ሲል ሌላው ነጭ ሸሚዝ ይላል፣ አንዱ ወደ አምቦ ሲል ሌላው ወደ አዲስ አበባ ይላል። ሆስፒታል ታየ፣ እስር ቤት ተጠየቀ፣ ዘመድ ያለበት ከእንጭኒ እስከ ጌዶ ሁሉ ተዳረሰ። የለም። ለሊሴ ኮሌጇን አቋርጣ ከነቀምት መጣች።

ለሞተ ሰው ሥርዓት አለን። ለጠፋ ሰው የለንም። መርዶ የሚነገረው በጎህ ነው፤ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ጎረቤት በዝምታ አጥሩ ሥር ይሰበሰባል፣ ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ ታስቦ የተሠራ ጥበብ ነው። ጊዜው ሲረዝም ሽማግሌዎቹ መክረው አንድ ቀን በጎህ መጡ። አዴ ጫልቱ ቀድመው ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ምን አመጣችሁልኝ? ልጄን?»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ካላመጣችሁት ወደ ቤታችሁ ግቡ። ብርድ ይመታችኋል።»

ሄዱ። ድንኳን አልተተከለም፣ ጥቁር አልተለበሰም። እድሩ ያልሞተ ሰው አይቀብርም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግማሹ ይመለሳል ብሎ ይጸልያል፣ ግማሹ እያየ ዝም ይላል። አዴ ጫልቱ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ልጃቸው ተደብቆ ይሆናል፤ ከተደበቀ አንድ ቀን ማንም ሳያየው ይገባል፤ ከገባ ደግሞ እናቱን ሳይስም መጀመሪያ ቤዙን ያነሳል። ስለዚህ ቤዙን ማንም እንዳይነካ አዘዙ። የመዘምራኑ መሪ ለእሑድ ያውሱን ብሎ ቢጠይቅ፣ ሌላ ሰው ሊቃኘው ማለት መሆኑን አውቀው «ባለቤቱ ሲመጣ ጠይቁት» አሉት። በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ቤዝ መቃኘት መርዶ ማርዳት ማለት ነበር። ይህንን ሁላችንም ሳንነጋገር እናውቅ ነበር።

እሑድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወደ ክፍሌ ይጣራሉ። «ባርሲሳ፣ ያቺን ዕቃህን አምጣት እስቲ።» ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ መቃኛዋን አደርጋለሁ፤ ክሩን የሚነኩት እሳቸው ናቸው፣ በአንድ ጣት፣ የታመመ ሰው እንደሚዳሰስ። መርፌዋን ያነባሉ። በጋ ሲገባ እንጨቱ ደርቆ ክሩ ረገበ፤ መርፌዋ ወደ ሦስተኛው ጭረት ወረደች። ያን ሳምንት ምግብ በቅጡ አልበሉም። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና መርፌዋ ጥቂት ወደ ቀኝ ከፍ አለች።

«ማን ነካው?» አሉ ቀና ብለው።

«ዝናቡ ነው አዴ። እንጨት በክረምት ያብጣል።»

«ዝናብ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ የሳሎኑን በር መቆለፍ ተዉ። እኔ የማላምንባቸው ነገሮች ዝርዝር ረጅም ነው፤ መንፈስም ሟርትም እዚያ ውስጥ አሉ። ግን ስልክ ተመልሶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ከባድ መኪኖቹ እንደገና መመላለስ ሲጀምሩ፣ ከክፍሌ ሆኜ ያ ማንም ያልነካው ቤዝ በግድግዳው በኩል ብቻውን ሲያጉረመርም እሰማ ነበር። መኪናው ቤቱን ያንቀጠቅጣል፣ ቤቱ ክሩን ያንቀጠቅጣል። ይህንን ፊዚክስ ለማንም ማስረዳት እችላለሁ። ለራሴም በየቀኑ አስረዳ ነበር።

በመሃሉ ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ኪቦርድ አገኘ። መሣሪያው ሁሉ ወደ ልኩ ተቃኘ። ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ መቃኛ ጭነው ክር በመቱ ቁጥር አረንጓዴ ማየት ለመዱ፤ እናቶቹ ከፍተኛዋ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እየተሰበረ፣ ዕድሜያቸውን እየወቀሱ፣ አቀበቱን ለመዱት። በዚያ ሁለተኛ ጭረት ላይ ተቃኝቶ የቀረ አንድ ነገር በከተማው ውስጥ ቢኖር የገመቺስ ቤዝ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀስ እያለ ይወርዳል። ሁለተኛ በጋ ገባ። መርፌዋ ሦስተኛውን አልፋ አራተኛው ጭረት አጠገብ ደረሰች። አዴ ጫልቱ እየከሱ ሄዱ። ነርስ ናቸው፤ እየወረደ የሚሄድ መርፌ መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቃሉ። ለሊሴ አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ስትደርስብኝ «ጋሼ፣ ያቺን ዕቃ ጠፋች በላት» አለችኝ።

«ጠፋች ብል የሚያምኑኝ ይመስልሻል? ይፈትሹኛል።»

«እየገደለቻት ነው እኮ። በየሳምንቱ ነው የምትቀብረው።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደ ልማዳቸው ተጣሩ። ገባሁ። ለሊሴ በሩ አጠገብ ልብስ ታጥፋለች። መቃኛዋን አናቱ ላይ አደረግኩ። አዴ ጫልቱ ወፍራሙን ክር በጣታቸው ነኩት። ገና ድምፁ ሲወጣ ሦስታችንም ሰማነው፤ ባለፈው እሑድ የነበረው ያ የረገበ መንኮራፋት አልነበረም። ጠንከር ያለ፣ የጠራ ድምፅ ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁለተኛውን ነኩ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አራቱም ከፍ ብለዋል። ዝናብ ከጣለ ወራት አልፈዋል፤ ዝናብ አራት ክር እኩል አያነሳም። ሰው ነክቶታል።

ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልገልጸውም፤ ያንን የሚገልጽ ሰው ይዋሻል። ወደ በሩ ዞሩ፣ ወደ መኝታ ቤቱ ዞሩ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቤዙ ተመለሱ። መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው የመቃኛዋን መርፌ ለማየት ወፍራሙን ክር ደግመው መቱ።

አረንጓዴ በራ።

መርፌዋ መሃል ላይ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሁለተኛውን መቱ፤ አረንጓዴ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ አረንጓዴ።  አዴ ጫልቱ መዳፋቸውን አራቱም ክሮች ላይ አድርገው ድምፁን አቆሙት። 

«ልጄ እዚህ አረንጓዴ ላይ ቃኝቶ አያውቅም» አሉ።

ለሊሴ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። «ሃርሜ…»

«በስልክሽ ነው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ጸሎት ስትሄጂ። ወደ ነበረበት ልመልስልሽ ብዬ ነው፣ ሃርሜ። አረንጓዴ ሲሆን ልክ ነው ብለው መዘምራኑ አሳዩኝ።»

የት እንደነበረ እሷ በምን ታውቃለች? መቃኛዋን አዳራሹ የወሰድኩባት ቅዳሜ እሷ ነቀምት ነበረች። አሁን የምትዘምርበት መዘምራን አረንጓዴ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ኪቦርዱ አዲስ፣ ልኩ አዲስ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አዴ ጫልቱ ተነስተው ራሷን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አልተሳሳትሽም» አሏት። «ልክ ነው ያደረግሽው። ዝም በይ። ገና ነው፣ አታልቅሺ።» እኔን በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ መቃኛዋን ከቤዙ ላይ አነሳሁ። ቤዙን ራሳቸው ወስደው መኝታ ቤት አልጋው ላይ አጋደሙት። ተመልሰው መስተዋቱ ፊት ቆሙና ነጠላቸውን አወለቁ፣ ጥለቱ ወደ ፊታቸው እንዲመጣ ገልብጠው እንደገና ለበሱት። ለሐዘን እንደሚለበሰው።

«ባርሲሳ፣ ኦቦ ዲንቃን ጥራልኝ። የማዶዎቹንም።»

ኦቦ ዲንቃ ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹን መርተው የመጡት ጎረቤት ናቸው። ሄጄ ጠራኋቸው። ምን ተፈጠረ ቢሉኝ አዴ ጫልቱ ይፈልጉዎታል አልኳቸው። ሰዉ እርስ በርሱ እየተጠራራ መጣ፤ ከቤት ልብስ ያልቀየረ፣ እጁ ላይ ሊጥ ያለበት፣ ኳስ ሲያይ የተነሳ። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላለች። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ለምን እንደሚጠራ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም የአጥሩ በር ላይ ደርሶ ተደናግሮ ቆመ። ማን ለማን ምን እንደሚነግር ስላላወቁ ኦቦ ዲንቃ ኮፍያቸውን አውልቀው እኔን አዩኝ፣ እኔ መሬት አየሁ።

አዴ ጫልቱ በረንዳው ላይ ወጡ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ወርደው የአጥሩን በር በሁለት እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ገመቺስ ሞቷል» አሉ። «ግቡ።»